ከውጭ የመጣ ቲቪ ጎንደር ላይ እንዲሠራ፦ ከስፒናው እስከ ዲሹ

ጥምቀት ሲደርስ ጎንደር በእንግዳ ትሞላለች። ከአሜሪካ፣ ከእስራኤል፣ ከዱባይ፣ ከሳዑዲ ዘመድ ይመጣል። ከዘመድ ጋር ሻንጣ አለ፤ አንዳንዴ ከሻንጣው ጋር ቲቪ አለ። ቲቪው ሳሎን ይገባና ቤተሰቡ ይከበዋል። ከዚያ ወይ አይበራም፣ ወይ ይበራና ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፣ ወይ ምስሉ ቀለሙን ጥሎ ይንከባለላል። ወዲያው አንዱ «ሲስተሙ የአሜሪካ ነው፣ እዚህ አይሠራም» ብሎ ይፈርዳል። ሌላው «መልቲ ሲስተም ካልሆነ አትልፉ» ይላል።

እኔ በዚህ አልስማማም። እኛ ከተማ አብዛኛው ሰው ቲቪ የሚያየው በዲሽና በሪሲቨር ነው። ጣቢያውን የሚይዘው ሪሲቨሩ ነው። ቲቪው የተሰጠውን ምስል ያሳያል፣ በቃ። ስለዚህ «ሲስተሙ ምንድነው?» ከማለት በፊት ሁለት ነገር ይጠየቃል። ቲቪው የእኛን መብራት ይችላል ወይ? ከሪሲቨሩ የሚወጣውን ምስል ይቀበላል ወይ? እነዚህ ሁለቱ ከተፈቱ ከውጭ የመጣ ቲቪ ሳይሠራ የሚቀረው ከስንት አንዴ ነው።

1. ሳትሰኩ ጀርባውን አንብቡ

ቲቪው ከካርቶን እንደወጣ ስፒናውን ይዞ ወደ ሶኬት የሚሮጥ ሰው አይጠፋም። አስቁሙት። ከቲቪው ጀርባ የተለጠፈች ወረቀት አለች። ሞዴሉ፣ ሴሪያል ቁጥሩና የሚፈልገው መብራት እዚያ ላይ ተጽፏል። ጽሑፉ ደቃቅ ስለሆነ በስልክ ፎቶ አንስቶ ማጉላት ይቀላል።

የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ) ነው። ወረቀቷ ላይ «100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የሚል ካያችሁ ተገላገላችሁ። በቀጥታ ይሰካል። «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ብቻ ከሆነ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ይሄ ትራንስፎርመር ይፈልጋል።

የማርኩ ስም እዚህ ላይ አይረዳም። አንድ ፋብሪካ ለአሜሪካ ገበያ የሚልከውና ለዱባይ የሚልከው ቲቪ ፊቱ አንድ ሆኖ ውስጡ ሊለያይ ይችላል። ልዩነቱ የሚታወቀው በሞዴል ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ባሉ ጥቂት ፊደላት ብቻ ሊሆን ይችላል። «የእኛ አጎት ያመጣውም ይሄው ነው፣ በቀጥታ ነው የምንሰካው» የሚል ጎረቤት ልቡ ቅን ነው፤ ግን ምክሩን አትከተሉ። የእናንተን ወረቀት አንብቡ።

የአሜሪካ ስፒና ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ አለው። እኛ ሶኬት ውስጥ ስለማይገባ ሰው አዳፕተር ይገዛል። አዳፕተር የሚቀይረው ቅርጹን ብቻ ነው። ቮልቱን አይነካውም። ብዙ ቲቪ የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው፤ ስፒናው ገባ ማለት ይሠራል ማለት ይመስላላ!

ለ120 ቮልት የተሠራ ቲቪ 220 ላይ ሲሰካ ምን ይሆናል? ቲቪው ውስጥ ያለው ፓወር ቦርድ መብራቱን መጀመሪያ ወደ ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ወደሚሄድ መብራት) ይለውጠዋል። 220 ቮልት ሲለወጥ ወደ 310 ቮልት ይጠጋል። ለ120 የተመረጠው ትልቁ ካፓሲተር ብዙ ጊዜ ይህን አይችልም። «ጧ» ይላል፣ ሽታ ይከተላል። ዕድል ካላችሁ ፊውዙና ቫሪስተሩ (ቮልት ሲበዛ ሌላውን ዕቃ የሚከላከለው) ቀድመው ይሄዱና ሌላውን ያተርፉታል። ስለዚህ እንዲህ ከሆነ ቲቪውን ለቆራሌው አትስጡ። ጥገና ቤት ውሰዱትና ፓወር ቦርዱን አስፈትሹ። ፊውዙም ቫሪስተሩም ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው። ፊውዙን በሽቦ አገናኝቶ መሞከር ግን ቤት ማቃጠል ነው።

60 ኸርዝ የሚለው ብዙ ሰው ያስጨንቃል። ለቲቪ አያስጨንቅም። መብራቱ ገና ሲገባ ወደ ዲሲ ስለሚለወጥ 50 ሆነ 60 ለቲቪው ልዩነት የለውም። ሞተር ያላቸው ዕቃዎች፣ ለምሳሌ አንዳንድ ማጠቢያ ማሽንና ጁስ መፍጫ፣ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ትራንስፎርመር ቮልት እንጂ ኸርዝ አይቀይርም።

በአገር በአገር ካያችሁት፣ ከእስራኤልና ከዱባይ የሚመጣ ቲቪ 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ላይ ሲሠራ የኖረ ነው። መብራቱ አያስቸግራችሁም። ሳዑዲ 60 ኸርዝ ነው፤ በዱሮው ጊዜ በ127 ቮልት የሚሠሩ ቤቶችም ስለነበሩ አሮጌ ዕቃ ከሆነ ወረቀቷን አይታችሁ እመኑ። ጃፓን 100 ቮልት ነው። ጥንቃቄው በዋናነት ለአሜሪካና ለካናዳው ነው።

2. ትራንስፎርመር ካስፈለገ

የምትገዙት ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ነው። መጠኑን የሚወስነው ዋቱ ነው። የቲቪው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ዋት እዩና እጥፍ የሚሆን ግዙ። ቲቪው 150 ዋት ካለ 300 ዋት ትራንስፎርመር ማለት ነው። ልክ በልክ ከገዛችሁ ይግላል፣ ሲግል ዕድሜው ያጥራል።

ስትገዙ አንሱት። እውነተኛ ትራንስፎርመር ውስጡ ብረትና የመዳብ ጥቅል ስለሆነ ይከብዳል። ላዩ ላይ 1000 ዋት ተብሎ ተጽፎበት ኪስ ውስጥ የሚገባ ካገኛችሁ ተዉት። እንዲህ ያለው ለመንገደኛ ካውያና ፀጉር ማድረቂያ የተሠራ ነው። ሙቀት ብቻ ለሚሰጥ ዕቃ ይሆናል፤ ቲቪን ግን ይጎዳል።

አሰካኩ እንዲህ ነው። ከግድግዳው ሶኬት ወደ ስታብላይዘር (ቮልቱን የሚያረጋጋው)፣ ከስታብላይዘር ወደ ትራንስፎርመር፣ ከትራንስፎርመር ወደ ቲቪ። ሪሲቨሩን ትራንስፎርመሩ ላይ አትደርቡት፤ እዚህ የተገዛ ከሆነ 220ውን ነው የሚፈልገው።

አንዲት ትንሽ ነገር ላክል። የቲቪውን ስፒና ከትራንስፎርመሩ ጋር በፕላስተር ጠቅልላችሁ እሰሩት። ለበዓል ቤት ሲጸዳ ሁሉም ነገር ይነቀላል። መልሶ የሚሰካው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ የነቀለው አይደለም። አዳፕተር አግኝቶ ግድግዳው ላይ ከሰካው አለቀ።

መብራት ሲሄድ ንቀሉ። ሲመጣ ወዲያው አትሰኩ፤ ጥቂት ደቂቃ ይርጋ። መጀመሪያ ላይ ቮልቱ ይዘላል። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ስፒናውን ብቻ ሳይሆን ከዲሹ የሚመጣውንም ገመድ ከሪሲቨሩ ፍቱ። መብረቅ በዚያም ይገባል።

3. «ሲስተም» የሚባለው ነገር

ይህን ክፍል መዝለል ትችላላችሁ። ሻጭ «መልቲ ሲስተም ነው፣ ዋጋው ለዚያ ነው» ሲላችሁ ግን ብታውቁት ይጠቅማል።

በአናሎግ ዘመን ዓለም ለሦስት ተከፍላ ነበር። አሜሪካ፣ ካናዳና ጃፓን ኤንቲኤስሲ፤ አብዛኛው ምዕራብ አውሮፓና እኛ ፓል፤ ፈረንሳይና ሶቪየት ኅብረት ሴካም። ኤንቲኤስሲ ምስሉን በ525 መስመር፣ በሰከንድ ወደ 30 ጊዜ ይሥላል። ፓል በ625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ጊዜ። ይህ ቁጥር ከመብራቱ የመጣ ነው። በ60 ኸርዝ አገር 30፣ በ50 ኸርዝ አገር 25። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀምር በጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቀለም ሲመጣ ፓል ሆነ።

ዲጂታሉ ደግሞ ሌላ ክፍፍል አመጣ። አንቴና ላይ አሜሪካ ኤቲኤስሲ፣ ጃፓንና ብራዚል አይኤስዲቢ፣ ቻይና ዲቲኤምቢ፣ አውሮፓና አፍሪካ በአብዛኛው ዲቪቢ ይጠቀማሉ። አሜሪካ ትልልቆቹን የአናሎግ ጣቢያዎቿን እ.ኤ.አ. በ2009 ዘግታለች። ስለዚህ ከዚያ የሚመጣ አዲስ ቲቪ ውስጥ ያለው ቱነር (ጣቢያ የሚይዘው ክፍል) የእኛን አንቴና አይረዳም። ቱነሩ ለእናንተ እንደሌለ ቁጠሩት። በሪሲቨር እስካያችሁ ድረስ አያጎድልባችሁም።

መልቲ ሲስተም የሚባለው ቲቪ እነዚህን ሁሉ ወይም አብዛኞቹን የሚቀበል ነው። የድሮ የካሴት ማጫወቻ ለሚጠቀም፣ ወይም ከአገር አገር ለሚዞር ሰው ዋጋ አለው። ሳሎኑ ውስጥ አንድ ሪሲቨር በኤችዲኤምአይ አገናኝቶ ለሚያይ ሰው ግን ለዚያ ስም ብሎ ተጨማሪ ብር መክፈል ከንቱ ነው። ያንን ብር ስታብላይዘር ይግዛበት።

4. ገመዱን የት እንደምትሰኩ

የአሜሪካ ቲቪ አንድ የሚያታልል ነገር አለው። የአንቴና መግቢያው በጥርስ የሚጠመዘዝ ነው። ከዲሹ የሚመጣውም ገመድ ጫፉ እንደዚያው ነው። ሁለቱ ልክ በልክ ይገጥማሉ። ሰው ይጠመዝዛል፣ ሰርች ይላል፣ ምንም አይገኝም። ከዚያ ቲቪው ተበላሽቷል ይባላል።

አልተበላሸም። ያ ቀዳዳ ለአሜሪካ አንቴናና ለኬብል የተሠራ ነው። ዲሹ ላይ ያለው ሲግናል ተቀባይ፣ ኤልኤንቢ፣ እንዲሠራ 13 ወይም 18 ቮልት በገመዱ በኩል ሊላክለት ይገባል። ያንን የሚልከው ሪሲቨሩ ነው። የዲሹ ገመድ ሁልጊዜ ወደ ሪሲቨሩ ይገባል፤ ከሪሲቨሩ ወደ ቲቪው ሌላ ገመድ ይሄዳል።

ለአውሮፓና ለዓረብ አገር የተሠሩ አንዳንድ ቲቪዎች ውስጣቸው የሳተላይት ቱነር አላቸው። እነሱ ጀርባቸው ላይ ሁለት መግቢያ ታያላችሁ። አንዱ ለስላሳ፣ እየተገፋ የሚገባ የአንቴና ነው። ሌላው ጥርስ ያለው የሳተላይት ነው፤ አጠገቡ ኤልኤንቢ ወይም ሳተላይት የሚል ጽሑፍ ይኖራል። እዚህ ላይ ዲሹን በቀጥታ መጠምዘዝ ይቻላል፤ ሪሲቨር ላያስፈልግ ይችላል። ከእስራኤል ወይም ከዱባይ ሊልክላችሁ ያሰበ ዘመድ ካለ ይህችን መግቢያ አይቶ እንዲገዛ ንገሩት። አንድ ሪሞት መቀነስ ቀላል ነገር አይደለም፤ በተለይ እናትና አባት ብቻቸውን ለሚኖሩበት ቤት።

5. ሪሲቨሩን ከቲቪው ጋር ማስማማት

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ቀስ እያላችሁ ሂዱ።

በኤችዲኤምአይ ጀምሩ። ገመዱን ከሪሲቨሩ ወደ ቲቪው ሰኩ፤ ቲቪው ላይ ስንት ቁጥር ያለው ቀዳዳ እንደሆነ ያዙ። በቲቪው ሪሞት «ሶርስ» ወይም «ኢንፑት» የሚለውን ተጫኑና ያንን ቁጥር ምረጡ። ምስል ከመጣ ጨርሳችኋል። ወደ ዲሹ ክፍል እለፉ።

ካልመጣ፣ መጀመሪያ ሪሲቨሩ ራሱ እየሠራ መሆኑን አረጋግጡ። ፊቱ ላይ የጣቢያ ቁጥር ይታያል? ሪሞቱን ስትጫኑ ቁጥሩ ይቀያየራል? ከተቀያየረ ሪሲቨሩ ደኅና ነው። ቲቪው ደግሞ «ሲግናል የለም» ወይም «ይህ ሞድ አይሠራም» የሚል ጽሑፍ ካሳየ፣ ወይም ዝም ብሎ ከጠቆረ፣ ችግሩን አገኛችሁት ማለት ይቻላል። እዚህ የሚሸጡ ሪሲቨሮች ብዙውን ጊዜ ምስሉን በ50 ኸርዝ ያወጣሉ። ለአሜሪካ ገበያ ከተሠሩት ቲቪዎች ደግሞ አንዳንዶቹ የሚቀበሉት 60ውን ብቻ ነው። መብራቱ ላይ ኸርዝ ግድ አይሰጥም ብዬ ነበር፤ ምስሉ ላይ ግን ይሰጣል። ሁለቱን አታምታቱ።

መፍትሔው ሪሲቨሩን ወደ 60 መቀየር ነው። ግን ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሜኑ እንዴት ይታያል? ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው የሪሲቨሩን ሪሞት ማየት ነው። ብዙዎቹ ላይ «ቪ-ፎርማት»፣ «ሪዞሉሽን» ወይም «ፓል/ኤንቲኤስሲ» የሚል ቁልፍ አለ። አንዴ ተጫኑና ዐሥር ሰከንድ ያህል ጠብቁ። ካልመጣ ደግማችሁ ተጫኑ። በተጫናችሁ ቁጥር ወደ ሌላ የምስል ዓይነት ይዘላል። ከእነዚያ አንዱ 60 ስለሆነ ምስሉ በሆነ ሰዓት ብቅ ይላል። መቸኮል የለም፤ ቶሎ ቶሎ ከተጫናችሁት የሚሠራውን አልፋችሁት ትሄዳላችሁ።

ሁለተኛው ሪሲቨሩን ይዞ ጎረቤት መሄድ ነው። እዚያ ቲቪ ላይ ሰኩት፣ ሜኑ ክፈቱ፣ ሴቲንግ ውስጥ የቲቪ ሲስተም ወይም የቪዲዮ ማውጫ የሚለውን ፈልጉ። 720ፒ 60 ወይም 1080አይ 60 የሚለውን መርጣችሁ አስቀምጡ። «አውቶ» ወይም «እንደ ጣቢያው» የሚል ምርጫ ካለ አትምረጡት። ጣቢያ በቀየራችሁ ቁጥር ወደ 50 እየተመለሰ ያጠቁርባችኋል። ከዚያ ሪሲቨሩን ወደ ቤት መልሱ። ቡና ከተፈላ ጠጥታችሁ ተመለሱ፤ ለጎረቤትም ደስ ይለዋል።

ከዚህ በኋላ አንድ ነገር ልታዩ ትችላላችሁ። ኳስ ሲሻገር፣ ወይም ዜና ላይ ከታች የሚያልፈው ጽሑፍ ሲሮጥ፣ በጥቂቱ ይንቀጠቀጣል። ጣቢያው በሰከንድ 50 ጊዜ የላከውን ሪሲቨሩ 60 ለማድረግ አንዳንዱን ምስል ስለሚደግመው ነው። ብልሽት አይደለም፣ የሚጠገንም አይደለም። አንዳንድ ሰው ጭራሽ አያስተውለውም። ኳስ አፍቃሪ ግን ያስተውላል፤ እሱ ቲቪ ሲገዛ 50 የሚቀበል ቢፈልግ ይሻለዋል።

ሪሲቨሩ አሮጌ ሆኖ ኤችዲኤምአይ ከሌለው በቢጫ፣ በቀይና በነጭ ገመድ ትሄዳላችሁ። ቢጫው ምስል፣ ሁለቱ ድምፅ ናቸው። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የድሮው የፓልና የኤንቲኤስሲ ጠብ የሚመለሰው። የአሜሪካ ቲቪ ፓል ሲገባለት ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፣ ወይም ከታች ወደ ላይ ይንከባለላል። ሪሲቨሩ ሜኑ ላይ ኤንቲኤስሲ ምረጡ፤ ቀለሙ ይመለሳል።

ኤንቲኤስሲ አድርጋችሁም ቀለም ከሌለ ቲቪውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። አንዳንድ ቲቪ ቢጫ ቀዳዳ የለውም። አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ አለው፤ አረንጓዴው ለቢጫውም ያገለግላል። ቢጫውን ገመድ አረንጓዴው ላይ ሰኩና ከሶርስ ውስጥ ኤቪ የሚለውን ምረጡ። ኮምፖነንት የሚለው ላይ ከቀረ ምስሉ ያለ ቀለም ነው የሚመጣው። በዚህ ምክንያት ብቻ ቲቪ ተሸክሞ ጥገና ቤት የሚሄድ ሰው አለ።

የሰዎች ፊት ቀጥኖ ወይም ተለጥጦ ከታየ የምስል መጠኑን በሪሲቨሩም በቲቪውም ላይ 16፡9 አድርጉት።

6. ዲሹ

ቲቪ ስለተቀየረ ዲሽ አይነካም። ይህን የምለው አዲስ ቲቪ በገባ ቁጥር ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው ስላለ ነው። ጣቢያው በድሮው ቲቪ ይመጣ ከነበረ ዲሹን ተዉት።

አዲስ የምትተክሉ ከሆነ ግን ከጎንደር አቅጣጫው እንዲህ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች የሚሰባሰቡበት ኢትዮሳት ኤንኤስኤስ-12 በተባለው ሳተላይት ላይ ነው፤ ቦታው በምሥራቅ 57 ዲግሪ። ከጎንደር ሲታይ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ነው፤ ደብረ ታቦር ካለችበት አቅጣጫ ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ያለ። በኮምፓስ 120 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ከፍታው ደግሞ ከአድማስ ወደ 63 ዲግሪ ይጠጋል። ከፍ ብሎ ወደ አናት የቀረበ ነው። ስለዚህ ተራራም የጎረቤት ፎቅም ብዙ አይከልለውም፤ ቅርብ ያለ ባሕር ዛፍ ግን ይከልላል። ናይልሳት በተቃራኒው ነው። በምዕራብ 7 ዲግሪ ስለሆነ ከእኛ ወደ ምዕራብ፣ ከመተማ አቅጣጫ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ፣ ከፍታው 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሱን ፎቅ ይከልለዋል።

የቤት ዲሾች ኤልኤንቢያቸው ከመሐል ወደ ታች የወረደ ነው። እንዲህ ያለ ዲሽ የሚይዘው ፊቱ የዞረበትን ሳይሆን ከዚያ ከፍ ያለውን ነው። 63 ዲግሪ ብዬ ስለጻፍኩ ዲሹን አንጋላችሁ እንዳትተዉት፤ ከዚያ ባነሰ ያዙና ሲግናሉን እያያችሁ በጣት በጣት አንሱ።

ለኢትዮሳት፣ ኤችዲ (ጥራቱ ከፍ ያለ ምስል) የሚይዝ ሪሲቨር ያስፈልጋል። የድሮ ኤስዲ ሪሲቨር ዲሹ ቢስተካከልም አያወጣውም። ይሄም የቲቪው ጥፋት አይደለም።

7. የሠርግ ካሴትና የዲቪዲ ነገር

መልቲ ሲስተም በእውነት የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ከአሜሪካ የተላከ የሠርግ ወይም የክርስትና ካሴት አለ። በኤንቲኤስሲ የተቀዳ ነው። እዚህ በፓል ማጫወቻ ሲገባ ፍጥነቱም ቀለሙም ይበላሻል። ለዚህ ብላችሁ ግን መልቲ ሲስተም ማጫወቻ ፍለጋ ገበያ አትዙሩ። ካሴት ዕድሜው እያለቀ የሚሄድ ነገር ነው። ሁለቱንም የሚያነብ መሣሪያ ያለው ቪዲዮ ቤት ፈልጋችሁ አንዴ ወደ ፍላሽ አስገልብጡት። እዚያው አሜሪካ ያለ ዘመድ ካሴቱን ይዞ ከሄደ ደግሞ እዚያ ማስገልበጥ ይቻላል፤ ፋይሉን በቴሌግራም ይልካል።

ስታስገልብጡ ኤምፒ4 ይሁን በሉ። አብዛኛው ቲቪ በቀጥታ ከፍላሽ ያጫውተዋል፤ ፋይል ከሆነ በኋላ ፓልና ኤንቲኤስሲ የሚባል ጣጣ ብዙም አያጋጥምም። ፍላሹ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋ የበለጠ ፋይል አይቀበልም፤ ረጅም ሠርግ ለሁለት ይከፈል።

ዲቪዲ የራሱ የክልል ቁጥር አለው። የአሜሪካው 1፣ የእኛ 5 ነው። የፊልም ዲቪዲ ላይከፈት ይችላል። ዘመድ ቤት ውስጥ የቀዳው ግን ቁጥር ስለሌለው ይከፈታል።

8. ስማርት ከሆነ

ኢንተርኔት ላይ ሲስተም የሚባል ነገር የለም። ዋይፋይ ካለ ዩቱዩብ ከውጭ በመጣ አብዛኛው ስማርት ቲቪ (ኢንተርኔት የሚገባለት) ላይ ይሠራል። መጀመሪያ ሲከፈት አገር ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያ ከዝርዝሩ ከሌለች ሌላ የአፍሪካ አገር መርጣችሁ እለፉ። ሰዓቱን ለብቻው አስተካክሉ። አሜሪካ ላይ ብቻ የሚሠሩ አፖች ከቲቪው ጋር ተጭነው ይመጣሉ፤ ሳይከፈቱ ቢቀሩ አትደንግጡ።

9. ያገለገለ ስትገዙ

ፒያሳም ሆነ አዘዞ ያገለገለ የውጭ ቲቪ ስትገዙ ሪሲቨራችሁንና ኤችዲኤምአይ ገመዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ በፍላሽ አጫውቶ ቢያሳያችሁ አይበቃም። ፍላሽ ላይ የሚሠራ ቲቪ የእናንተን ሪሲቨር ላይቀበል ይችላል። ሪሲቨሩን 50 ላይ አድርጋችሁ ሰኩ። ምስሉ ከመጣ ጥሩ ቲቪ ነው። የመጣው 60 ላይ ብቻ ከሆነ ዋጋ አስቀንሱ።

ፕላዝማ ከሆነ ድምፁን ዝም አሰኝታችሁ ጆሯችሁን ወደ ጀርባው አስጠጉ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር አካባቢ ጀምራ ነው ወደ ላይ የምትወጣው። ፕላዝማ ስክሪን ውስጡ ጋዝ የታሸገበት ስለሆነ፣ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ያወጣል፤ ነጭ ምስል ሲበዛ ይብሳል። ባሕር ዳርቻ ከተማ ላይ ዝም ያለው ቲቪ እዚህ ሊጮህ ይችላል። ኤልኢዲና ኤልሲዲ ይህ የለባቸውም።

የጀርባዋ ወረቀት ተልጣ ከጠፋች ሻጩ 220 ላይ ሰክቶ እንዲያበራው ጠይቁ። «እሱማ በትራንስፎርመር ነው» ካለ ትራንስፎርመሩን ጨምሮ ይስጣችሁ።